ነብሩ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል

(ካምባ፣ ጋሞ ዞን። ሸማኔው ዕድሜያቸውን ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ ኖረው አሁን አገራቸው ገብተዋል። መምህርቷ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ክረምቱን ማታ ማታ የጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ስትተርክላቸው ከርማ ትናንት ጨርሳለች።)

ሸማኔው፦ ትናንት እንቅልፍ ነሳሽኝ። ያ የመጨረሻው ሕፃን፣ የአሳማ ጅራት ይዞ የተወለደው! ሰባት ትውልድ ሲፈሩት የኖሩት ነገር በመጨረሻ መጣ፤ መጥቶም የጉንዳን ቀለብ ሆኖ ቀረ። ይሄ ጎሜ፣ ጥፋት ያመጣው መዘዝ፣ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

መምህርቷ፦ እኔም ሳነበው መጀመሪያ የመጣብኝ ጎሜ ነው፣ ጋሼ። ኡርሱላና ሆሴ አርካዲዮ ቡዌንዲያ የሥጋ ዘመዳሞች ሆነው ተጋቡ። ከነሱ በፊትም በቤተሰቡ እንዲሁ ዘመድ ከዘመድ ተጋብቶ ጅራት ያለው ልጅ ተወልዶ ነበር። ባልየው ነገሩን ንቆ ተወው፤ ኡርሱላ ግን ፍርሃቱን እስክትሞት ተሸክማው ኖረች።

ሸማኔው፦ ጎሜ እኮ መላ አለው። ሰው ሲታመም፣ ከብት ሲያልቅ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ማን ምን እንዳደረገ ይጠይቃል። አባት ያጠፋው ልጅ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ሁሉም አፉን ይከፍታል፤ ይናገራል፤ ይታረቃል። እነዚህ ቡዌንዲያዎች አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው ተነጋግረዋል?

መምህርቷ፦ አንድም ቀን። እሱን ትንሽ ያቆዩልኝ፤ አስቀድሜ ያስቸገረኝን ልንገርዎት። ይህን ልብ ወለድ የሚያስተምር ሁሉ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ ተቃራኒዎችን መደርደር ይወዳል። በዚህ በኩል አርካዲዮ የሚባሉት፣ ጉልበተኞቹ፣ ሲበሉም ሲወዱም ልክ የማያውቁት። በዚያ በኩል አውሬሊያኖ የሚባሉት፣ ዝምተኞቹ፣ ክፍል ዘግተው የሚውሉት። ሚስቲቱ ፈርናንዳ ወግ ጠባቂ፣ ጸሎተኛ፤ ውሽማይቱ ፔትራ ኮቴስ ደግሞ እሷ ባለችበት ከብቱ ሁሉ እንደ ጉድ የሚራባላት። አማራንታና ረቤካ አንድ ቤት አድገው አንዱን ሰው ወደው እስከ መቃብር የተጠላሉ። ዝርዝሩ አያልቅም፤ ተማሪዎቼም ይወዱታል፤ ለፈተና ይመቻል። እኔን ግን ምንም አልነገረኝም። ደርድረን ስናበቃ ምን አገኘን?

ሸማኔው፦ ተቃራኒ ነገር በአንድ ቤት እንደሚኖር አገኛችሁ።

መምህርቷ፦ ይህንንማ ልጅ ያውቀዋል። እኔ የማስበው እንደ ድርና ማግ ነው፤ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም፤ ተጋጥመው ጨርቅ ይሆናሉ…

ሸማኔው፦ ተይ! የኔን ሙያ ለኔ አታስተምሪኝ። ድርና ማግ ምኑ ነው ተቃራኒ? ድሩ ጠበቅ ተደርጎ ይፈተላል፣ መወጠሩን እንዲችል፤ ማጉ ላላ ይላል፣ ቀሰም ላይ ተጠቅልሎ መወርወሪያ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ የአንዲት ሴት እጅ ሊፈትላቸው ይችላል። ጨርቅ የሚሆኑት ስለሚስማሙ ነው። አንቺ የነገርሽኝ ቤት ሰዎች አይስማሙም። ሌላ ፈልጊ።

መምህርቷ፦ እሺ፣ እርስዎ ይፈልጉልኝ።

ሸማኔው፦ ሽሮ ሜዳ ከዶርዜዎች ጋር ነው የኖርኩት። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ፤ ሥራ ሲበርድ ስለ ነብር ማውራት ይወዳሉ። ነብር ክርስቲያን ነው ይሉን ነበር፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል።

መምህርቷ፦ ይሄማ ተጽፏል! ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዶርዜ ኖሯል። በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ነብር አንስቷል። ነብሩ የኦርቶዶክስን ጾም ይጠብቃል ይሉታል። ግን ያው ዶርዜ ረቡዕና ዓርብም ከብቱን እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃል። አጥኚው ግራ ገባው።

ሸማኔው፦ ምን ግራ የሚያጋባ ነገር አለው? ዓርብ ማታ በጉን ደጅ ያሳደረ ዶርዜ እኔም አላየሁም።

መምህርቷ፦ ታዲያ ነብሩ የሚጾም ከሆነ ለምን ይፈሩታል?

ሸማኔው፦ ጾሙ የነብሩ ጉዳይ ነው፤ በጉ የኔ ጉዳይ ነው። እኔ የነብር ንስሐ አባት ነኝ?

መምህርቷ፦ አንዳንድ ነብር ጾም ያፈርሳል ብለው ስለሚጠረጥሩ ይሆን?

ሸማኔው፦ እንደዚያ ከሆነማ አያምኑም ማለት ነው። እኚያ ሽማግሌ ያምናሉ። ነብር ሁሉ ይጾማል፤ ነብር ሁሉ ሁልጊዜ አደገኛ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን አትሰርዢም።

መምህርቷ፦ ስፐርበርም የደረሰው እዚያው ነው። ሰዎቹ አንዱን ነብር ጥሩ ክርስቲያን፣ ሌላውን መጥፎ አድርገው አልከፋፈሉለትም። አሁን ማርኬዝ ጋ ይመለሱ። ቆንጆዋ ረሜዲዮስ አንድ ቀን አንሶላ ሲያጣጥፉ ነፋስ አንስቷት ወደ ሰማይ ዐረገች።

ሸማኔው፦ ከነአንሶላው።

መምህርቷ፦ ከነአንሶላው። ፈርናንዳ ምን አደረገች? ተአምሩን ተቀበለች። ከዚያ ደግሞ አንሶላዎቿ እንዲመለሱላት እግዚአብሔርን ትለምን ጀመር።

ሸማኔው፦ (ይስቃሉ) ልክ ናት! ልጅቱ ማረጓ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ አንሶላው የሷ ነው። ዋጋ ያለው ጨርቅ ይሆናል።

መምህርቷ፦ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ዓይነት ድርሰት የሚጽፉ ሰዎች እውነተኛውና ምትሃታዊው ተቀላቀሉ፣ ድንበሩ ጠፋ ይላሉ። የቱ ጋ ተቀላቀሉ? ፈርናንዳ እኮ ድንበሩን አሳምራ ታውቃለች። ዕርገቱ አንድ ነገር፣ የአንሶላ ኪሳራው ሌላ ነገር። ሁለቱን አላስታረቀችም፤ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ደራሲውም ተአምሩን እንደ ዝናብ ወሬ ቀዝቀዝ አድርጎ ያወራዋል፤ በሌላ በኩል በረዶን፣ ተራውን የውኃ በረዶ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ እጁን የሚያሳርፍበት ድንቅ ያደርገዋል።

ሸማኔው፦ ፈረንሳዊው ሌላ ምን አየ?

መምህርቷ፦ አንድ ሽማግሌ በደስታ እየተንቀጠቀጡ መጥተው ዘንዶ ግደልልኝ አሉት። ልቡ ወርቅ፣ ማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ ያለው ዘንዶ። የት ነው ቢላቸው ሩቅ አይደለም፣ ቢበዛ የሁለት ቀን መንገድ ነው አሉት።

ሸማኔው፦ የሁለት ቀን መንገድ! ብልህ ሰው ናቸው። የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሉት ተነስቶ እናያለን ይላቸዋል። የአንድ ወር ቢሉት ተረት ነው ብሎ ይስቃል። ሁለት ቀን ግን ሰው ሊሄድበት ይችላል፤ ደግሞም አይሄድም። መኪና ሳይገባ በፊት ካምባም ለአርባ ምንጭ ሰው እንደዚያው ነበረች፤ ስለኛ ያልተወራ ነገር አልነበረም።

መምህርቷ፦ የቡዌንዲያዎቹ ከተማ ማኮንዶም ያለችው የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ማርኬዝ በ1927 (እ.ኤ.አ.) የተወለደባት አራካታካ የሙዝ እርሻ ከተማ ነበረች፤ ባቡር ይገባባት ነበር። ሩቅ አይደለችም። በልጅነቱ የቤቱን ነገር የሰማው ከሁለት ሰዎች ነው። ኮሎኔል አያቱ ስለ ጦርነት፣ ሴት አያቱ ስለ ሙታን። አያቱ የሙታኑን ወሬ የምታወራው ፊቷን ሳትለውጥ ነበር። ደራሲው ይህን ድምፅ እስኪያገኘው ብዙ ዓመት ፈጅቶበት መጽሐፉ በ1967 ቦነስ አይረስ ታተመ፤ በ1982 ኖቤል ተሸለመ።

ሸማኔው፦ ስለዚህ ሁለት አያት፣ ሁለት ወሬ። ልጁ ማንን ይመን አላለም።

መምህርቷ፦ አላለም። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን መንትዮች ያስታውሳሉ? የእኛም የመጀመሪያው ልብ ወለድ እኮ የመንታ ታሪክ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ያሳተመው፣ ጦቢያና ዋሕድ። ወንድሙ ተለይቶ ሲንከራተት እህቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንገድ ትወጣለች። ያ ግን ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ወንዱ ወንድ፣ ሴቷ ሴት። ማርኬዝ መንትዮቹን የቀበራቸው አቀያይሮ ነው።

ሸማኔው፦ እሱን ድገሚልኝ። እዚያ ጋ ድካም ይዞኝ ነበር።

መምህርቷ፦ ሆሴ አርካዲዮ ሁለተኛውና አውሬሊያኖ ሁለተኛው በጣም ይመሳሰላሉ። ልጅ ሆነው ልብስና የስም አምባር እየተለዋወጡ ሰው ያምታታሉ። ሲያድጉ አውሬሊያኖ የተባለው ግዙፍ፣ በላተኛ፣ ድግስ ወዳድ ሆነ፤ እንደ አርካዲዮዎቹ። ሆሴ አርካዲዮ የተባለው ከሲታ፣ ብቸኛ ሆነ፤ እንደ ኡርሱላ ልጅ፣ እንደ ኮሎኔል አውሬሊያኖ። ጨዋታው መሃል ስማቸው ተቀያይሮ ሳይቀር አይቀርም። በአንድ ሰዓት ሞቱ። ሰካራም ጓደኞቻቸው ሬሳ ሣጥኖቹን አምታተው አንዱን በሌላው ጉድጓድ ቀበሩ።

ሸማኔው፦ ስለዚህ የሰሌዳሽ መስመር እዚያ ጋ ተሰረዘ።

መምህርቷ፦ አዎ፤ የኔም ነገር ከዚያ ይጀምራል። ይህን ቤት የጨረሰው የሰዎቹ መለያየት አይመስለኝም፤ አንድ መሆናቸው ነው። ስም ይደጋገማል፣ ፊት ይደጋገማል፣ በመጨረሻ አክስትና የእህት ልጅ፣ አማራንታ ኡርሱላና አውሬሊያኖ፣ ሳያውቁ ተዋደው ያን ሕፃን ወለዱ። ሁለት ተቃራኒ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር።

ሸማኔው፦ እኛ ከጎሳችን አናገባም። ለዚህ ነው የምትይኝ?

መምህርቷ፦ አንዱ ምክንያት። እርስዎና እኔ እንኳ አንድ ጎሳ አይደለንም፤ እኔ የአባቴ ነኝ። እናቴ ከቤትዎ ወጥታ ሌላ ቤት ባትገባ ዛሬ ማን ይህን ይተርክልዎት ነበር?

ሸማኔው፦ ቆይ፣ በጣም አማረልሽ፤ ሲያምር እጠረጥራለሁ። ፈርናንዳ ከየት መጣች? ሩቅ ካለች ደጋ ከተማ፣ ብርዳም፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ብቻ ከሚሰማባት አይደለም? እንግዳ ደም ናት። ቤቱን ያፈረሰችው ግን እሷ ናት። በርና መስኮት ያዘጋች፣ የገዛ ልጇን ሜሜን ገዳም ያስገባች እሷ ናት። እንግዳ ማግባት ብቻውን ቤት የሚያቆም ከሆነ እሷ ለምን አላቆመችውም?

መምህርቷ፦ (ዝም ትላለች) ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሸማኔው፦ እኔ ልንገርሽ፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። የሜሜን ወዳጅ፣ ያንን ቢጫ ቢራቢሮ የሚከተለውን ልጅ፣ ዶሮ ሌባ ነው አስብላ አስተኮሰችበት። ሜሜ የወለደችውን ሕፃን ደግሞ ምን አለች?

መምህርቷ፦ ወንዝ ላይ በቅርጫት ሲንሳፈፍ ተገኘ አለች።

ሸማኔው፦ በቃ! ያ ሕፃን ነው አድጎ አክስቱን የወደደው። አክስቱ መሆኗን ያላወቀው አያቱ ስለዋሸች ነው። እናንተ አንድ መሆን፣ መለያየት ትላላችሁ። እኔ የምለው መደበቅ ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርባ «ይሄ የልጄ ልጅ ነው» ብትል ኖሮ ጉንዳኑ ምን ሊያገኝ ነበር?

መምህርቷ፦ …እኔ ካልኩት ይሻላል። ከነብሩም ጋር ይገጥማል። ዶርዜው ሁለቱንም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ነብሩ ይጾማል፣ ነብሩ ይበላል። የተነገረ ተቃርኖ አብሮ ያድራል። ፈርናንዳ አንዱን ዋጠችው።

ሸማኔው፦ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባል የለ? እሷ ይዛ ደብቃ ኖረች። ጦርነቱስ? ኮሎኔሉ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተዋግቶ ሠላሳ ሁለቱንም ተሸነፈ ብለሽኛል። እሱስ ከተቃራኒው ጋር አልነበረም የተዋጋው?

መምህርቷ፦ መጀመሪያ ልዩነት ነበረ። በምርጫው ቀን ቀይና ሰማያዊ ወረቀት ነበር፤ አማቱ ሳጥኑን ማታ አስከፍቶ አብዛኛውን ቀይ በሰማያዊ አስቀየረው። አውሬሊያኖ በዓይኑ አየ። ከዓመታት በኋላ ግን የገዛ ፓርቲው መልክተኞች መጥተው የመሬቱን ጥያቄ ተው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ተው፣ የዲቃላና የሕጋዊ ልጅ እኩልነትን ተው አሉት። እንግዲህ የምንዋጋው ለሥልጣን ብቻ ነው ማለት ነው አለና ፈረመ። በስም ሁለት ወገን፣ በተግባር አንድ። ጦርነቱ ግን አላቆመም፤ እንዲያውም ከፋ።

ሸማኔው፦ ይሄ ነው የሚያስፈራው። እኛስ መስከረም 2011 ዓ.ም. አላየንም? ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገደሉ። አርባ ምንጭ ወጣቱ በንዴት ወጣ፤ የገዳዮቹ ወገን ነው ብሎ እዚህ ከኛ ጋር የኖረውን፣ ምንም ያላደረገውን ሰው ሊጎዳ። ገዳዮቹ ያደረጉትን እዚህ ቢደግመው ኖሮ በነሱና በኛ መሃል ምን ልዩነት ይቀር ነበር? ስም ብቻ።

መምህርቷ፦ ሽማግሌዎቹ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ።

ሸማኔው፦ እርጥብ ሣር። ይሄን ለውጭ ሰው ብትነግሪው ከአንሶላዋ ልጅ ይልቅ ይህንን አያምንም። በኛ አገር ወጣት ነው ለሽማግሌ የሚንበረከከው። ያን ቀን ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዱቡሻ ሸንጎ ላይ ሲናገሩ ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ሰዎች አስፋልት ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ልጆቻቸውን ለመኑ። ሣር የያዘ ሽማግሌ ታልፎ አይኬድም። ወጣቱ ተመለሰ። እዚያ ላይ ተአምር አልነበረም፣ ሁሉም ሰው ነው፤ ግን የተገለበጠ ነገር ነበር። ታላቁ ታናሽ ሆነ፣ ስለሆነም ታላቅ ሆኖ ቀረ። እስቲ ይህን ሰሌዳሽ ላይ በየትኛው በኩል ትጽፊዋለሽ?

መምህርቷ፦ አልጽፈውም። ማኮንዶ ውስጥ እንዲህ ያለ ጉልበት አንዲት ሴት ብቻ ነበራት። ኮሎኔሉ የፈረመበት ቀን፣ ጓደኛው ኮሎኔል ሄሪኔልዶ ማርኬዝ ይሄ ክህደት ነው አለው። አውሬሊያኖ ትጥቁን አስፈታው፤ ሞት ተፈረደበት። እውነቱን ስለተናገረ።

ሸማኔው፦ ኡርሱላ ሄደች።

መምህርቷ፦ ሄደች። ብትገድለው ካለህበት ጎትቼ አውጥቼ በገዛ እጄ እገድልሃለሁ አለችው፤ ጅራት ይዘህ ብትወለድ ኖሮ እንደማደርግህ። እስኪነጋ ድረስ ብቻውን ቆየና ጎህ ሲቀድ መጥቶ ፈታው።

ሸማኔው፦ እናት ልጇን እገድልሃለሁ ብላ አንድ ሰው አዳነች። ይሄም የዶርዜው ነብር ነው፤ ትወደዋለች፣ ትገድለዋለች። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ማኮንዶ በመጨረሻ ነፋስ ጠርጎ አጠፋት፤ ከቤቱ አንድም ሰው አልተረፈም። ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ነገራቸው?

መምህርቷ፦ አንድ ሰው ከተማዋ ሳትጠፋ ወጥቷል፣ ጋሼ። የመጨረሻው አውሬሊያኖ ጓደኛ ነው፤ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ጫማና የራብሌን መጽሐፍ ይዞ ፓሪስ ሄደ። ስሙ ጋብርኤል ነው።

ሸማኔው፦ ጋብርኤል ማን?

መምህርቷ፦ ማርኬዝ። የዚያ የተፈረደበት፣ የሄሪኔልዶ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።

ሸማኔው፦ ያቺ ሴት ያን ሌሊት ተኝታ ብታድር…

መምህርቷ፦ ክረምቱን ሌላ መጽሐፍ እናነብ ነበር።